ሬስሊንግ አገር ቤት ሊገባ ሲል

ሁለት ሰው ሲደባደብ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ማየት ትችላላችሁ? እኔ እችላለሁ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ እንጀራዬ ሆኖብኝ ነው። ሲያትል ውስጥ የስልክ አስተርጓሚ ነኝ። ሐኪምና ታማሚ፣ አከራይና ተከራይ፣ አስተማሪና ወላጅ መግባባት ሲያቅታቸው መሃላቸው እገባለሁ፤ ገባሁ ማለት ግን አይደለም። የሥራው ሕግ አጭር ነው፤ አትጨምር፣ አትቀንስ፣ አያገባህም። ታማሚዋ "ወገቤን ቆረጠኝ" ካለች እኔም በእንግሊዝኛ "ወገቤን ቆረጠኝ" እላለሁ እንጂ "ወገቧን ቆረጣት ትላለች" አልልም። በዚህ ምክንያት ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባል ሰፈር ካለው አፓርታማችን ሳልወጣ ስኳርም፣ ደም ግፊትም፣ አንድ ሰሞን ደግሞ የመንታ እርግዝና ነበረብኝ።

አማቴ አቶ ተሰማ የእኔ ተቃራኒ ናቸው። ይሄ ሁሉ የሆነው ልጃቸውን ምስራቅን፣ ማለትም ባለቤቴን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡ ሰሞን ነው። በሰፈራቸው ጸብ ሲነሳ ከፖሊስ በፊት የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ምስራቅ እንደምትለው፣ ሕፃን ሳለች አንድ ቀን አብረው በአውቶቡስ ሲሄዱ መንገድ ዳር ሁለት ሰዎች ሲቧቀሱ አዩና ሹፌሩን አስቁመው ወረዱ። ሰዎቹ ታረቁ። አውቶቡሱ ግን ምስራቅንና የተቋጠረውን ምሳ ይዞ ሄደ። እሷ ይህን ስታወራ ትስቃለች፤ እናቷ ግን ያን ቀን አልሳቁም ነበር አሉ።

አቶ ተሰማ ከሠርጋችን ጀምሮ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። "የምስራቅ ባል፣ ውሃ አምጣልኝ።" "የምስራቅ ባል፣ ይሄ መስኮት አይዘጋም?" ምስራቅን ብፈታት ምን ብለው ሊጠሩኝ እንደሆነ እንጃ። እኔ ደግሞ አባቴን በልጅነቴ ስላጣሁ ነው መሰለኝ፣ ነገሩ ከሚገባው በላይ ይከነክነኝ ነበር። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ "ልጄ" ቢሉኝ ብዬ እመኝ ነበር። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእናንተ ነው።

ለሥራዬ ያላቸውም ግምት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ስለማደርግ የሚሰሙት የእኔን ድምፅ ብቻ ነው። አንድ ቀን ሁለት አብረው የሚኖሩ ሴቶች ተጣልተው እያስታረቅኩ፣ ይቅርታ፣ እያስተረጎምኩ፣ የአንደኛዋን ንግግር ድምፄን ሳልቀንስ "ነገ ዕቃዬን ይዤ ከዚህ ቤት እወጣለሁ፤ ከአንቺ ጋር አንድ ሌሊት አላድርም" አልኩ። አቶ ተሰማ ሶፋው ላይ ነበሩ። ተነሥተው ካፖርታቸውን ለብሰው ወጡ። አመሻሹ ላይ ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሽማግሌ ይዘው ተመለሱ። እኔና ምስራቅ ሳንጣላ ታረቅን። ተቃቅፈን ተሳሳምን፤ ሽማግሌዎቹ መርቀውን፣ እራት በልተው ሄዱ። ነገሩን በኋላ ሳስረዳቸው አቶ ተሰማ ልጃቸውን ዞር ብለው አዩና "ይሄ ሰውዬ የራሱ ነገር የለውም እንዴ? የሰው በሽታና የሰው ጸብ ሲያወራ ይውላል" አሏት።

የሬስሊንግ ኩባንያው የመጣው በዚህ መሃል ነው።

አንድ የታወቀ የአሜሪካ ሬስሊንግ ኩባንያ ምሥራቅ አፍሪካ ሊገባ አስቦ፣ በአማርኛ ኮሜንታተር የሚሆን ሰው እያፈላለገ ነበር። የምሠራበት ድርጅት የእኔን ስም ሰጣቸው። ደውላ ያነጋገረችኝ ዳያና የምትባል የውጭ ገበያ ኃላፊ ናት። የሠራቻቸውን አገሮች ዘረዘረችልኝ፤ ሰው በራሱ ቋንቋ ሲጮህለት ነው ከወንበሩ የሚነሳው አለችኝ። ስለ ሥራዋ ስታወራ ደስ ትላለች፤ ወደ አንድ አገር ሬስሊንግ ማስገባትን ቤተ መጻሕፍት እንደ መክፈት ነው የምታየው። "በእናንተ አገር ሰው ድብድብ ይወዳል?" ስትለኝ "በጣም" አልኳት። የምንወደው ማየቱን ነው ወይስ ማገላገሉን ብላ ስላልጠየቀችኝ አልመለስኩላትም።

ለሙከራው ዳውንታውን አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ማይክሮፎን ፊት አስቀምጠው የተቀዳ ግጥሚያ አሳዩኝ። አንደኛው ተጋጣሚ "የታኮማው ድብ" ይባላል፤ ፂሙ የሸበተ፣ ትከሻው በር የሚያህል የአካባቢው ልጅ ነው። ሌላኛው "ልዑል ሴባስቲያን"፤ ወርቃማ ካባ የሚለብስ፣ ሰው ሁሉ እንዲጠላው ተከፍሎት የሚሠራ ቆንጆ ጎረምሳ። ግጥሚያው ሲጀመር አፌን ከፈትኩ። ምን ላድርግ? የለመደብኝ ወጣ። "አንገቴን ያዘኝ! ልቀቀኝ! ኧረ ወገቤን! ሕመሙ ወደ እግሬ እየወረደ ነው!" ሴባስቲያን ደግሞ ድቡን አንሥቶ ሲፈጠፍጠው "ከአንድ እስከ አስር ስንት ያህል ያምዎታል?" አልኩ። በዚያ ላይ ድቡ ዕድሜው የገፋ ስለሆነ "ተዘረረ" ለማለት አፌ አልደፍር አለኝ። "ጋሽ ድብ ወደቁ፤ ነፍስ ይማር፣ አይ፣ ተነሡ!" እያልኩ ጨረስኩት። ላብ በላብ ሆኜ ማዳመጫውን ሳወልቅ ዳያና እያጨበጨበች ነበር። አንድ ቃል አልገባትም። "እንደ አንተ የሚያመው ኮሜንታተር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም!" አለችኝ።

ለእሁድ ከሰዓት ጎረቤት ከተማ ታኮማ ላይ በሚደረገው ግጥሚያ፣ ሪንጉ ሥር ተቀምጬ እንድሞክር ተወሰነ። ይሄ የመጨረሻው ፈተና ነው። ካለፍኩ የአማርኛው ድምፅ እኔ ነኝ። ለአንድ ዘመድ የሚሆን መግቢያም ሰጡኝ። ቤት ስገባ በሩን ሳልዘጋ ጮህኩ።

"ምስሪ! ኮል አድርገውልኝ ነበር አላልኩሽም? ሶ፣ ሰንደይ ታኮማ ላይ ላይቭ ነው!"

"ኦ ማይ ጋድ! ግን እኮ ሰንደይ ሺፍት አለኝ። አባባን ይዘህ ሂድ።"

አቶ ተሰማ ከሶፋው ላይ ሆነው ሰሙ። "ምንድነው ሥራው?" አሉ።

"ሰዎች ሲደባደቡ ማውራት ነው ጋሼ።"

"ማነው የሚያገላግላቸው?"

"ማንም።"

"አንተ አጠገባቸው ተቀምጠህ ታወራለህ?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"እመጣለሁ" አሉ። እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። የሰው በሽታ ያልሆነ ነገር ስናገር ይሰሙኛል፤ ያን ሁሉ ሕዝብ ያዩና አማቻቸው ማን እንደሆነ ይገባቸዋል ብዬ ነዋ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ በቀጥታ ጉዞ ጀመርን። በረዶ የለበሰው ተራራ ከደመና ወጥቶ የሚታይበት ብሩህ ቀን ነበር። አቶ ተሰማ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። መንገድ ላይ ያለችውን ኬንት ከተማን እንዳለፍን ማስረዳት እንዳለብኝ ተሰማኝ።

"ጋሼ፣ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው። የምር ጸብ አይደለም። ተነጋግረው፣ ተስማምተው ነው የሚመታቱት።"

"ተነጋግረው ከሆነ ለምን እዚያው በቃል አይጨርሱትም?"

ሬዲዮውን ከፍቼ እስከ ታኮማ ነዳሁ።

መኪናውን ፓርክ አድርገን አዳራሹ ስንገባ ግማሹ ሕዝብ እንደ አውሬ፣ ግማሹ እንደ ንጉሥ ለብሷል። በዚህ መሃል ነጭ ነጠላ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ ጎምላላ ሽማግሌ ሲገቡ ማን ተመልካች ናቸው ይላል? ሰዉ ፎቶ ሊነሣ ተሰለፈ። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ጠጋ ብሎ "የዛሬው አዲሱ ተጋጣሚ ናቸው?" አለኝ። እኔ ወደ ቦታዬ ለመድረስ ስለቸኮልኩ ፈገግ ብዬ አለፍኩ። አቶ ተሰማን ሪንጉ አጠገብ አንደኛው ረድፍ ላይ አስቀምጬ፣ ማዳመጫዬን አድርጌ ጠረጴዛዬ ላይ ተሰየምኩ።

እዚህ ላይ ስለ ሬስሊንግ አንድ ነገር ልበል። በቴሌቪዥን ሳየው ስቄበት አውቃለሁ። ከቅርብ ሳየው ግን አፈርኩ። ሴባስቲያን ያን ግዙፍ ሰውዬ ከላይ ወደ ታች ሲፈጠፍጠው ሕዝቡ የሚያየው መፈጥፈጡን ነው። እኔ ያየሁት እጁን ነው፤ መዳፉን ከድቡ ማጅራት ሥር ሰዶ፣ ሕፃን አልጋ ላይ እንደሚያስተኛ ሰው ጭንቅላቱን ደግፎ ነበር። መውደቁ እውነት ነው፣ ወለሉም እንጨት ነው፣ የሚያብጠው ጉልበትም የራሱ የድቡ ጉልበት ነው። ውሸቱ ጥላቻው ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠራ ማየት ያስደስታል፤ እኔም ተደስቼ ጀመርኩ። ያን ቀን ድምፄ ራሱ አማረብኝ። "ወገቤን" ማለት ትቼ "ወገቡን" ማለት ቻልኩ።

ድቡ በገመዱ ላይ ተገልብጦ የወደቀው አቶ ተሰማ እግር ሥር ነው። እያቃሰተ እጁን ዘረጋ። ይሄ እንግዲህ የሥራው አካል ነው፤ የሰው ሆድ እንዲባባ። አቶ ተሰማ እጁን ያዙት። "አይዞህ" ሲሉ በከንፈራቸው አነበብኩ። ሴባስቲያን ወርዶ ድቡን በፀጉሩ እየጎተተ ወደ ሪንጉ መለሰው። እኔ በሙሉ ድምፄ "ልዑሉ ምሕረት የለውም!" ብዬ ወደ አንደኛው ረድፍ ዞር ስል ወንበሩ ባዶ ነው።

ያ የጥበቃ ሠራተኛ አጥሩን ከፍቶላቸዋል። የልብሱ ነገር ነው እንግዲህ። እንዲያውም ክንዳቸውን ደግፎ ደረጃውን አወጣቸው፤ ገመዱንም ወደ ላይ ያዘላቸው። አቶ ተሰማ ጎንበስ ብለው ገቡና በሁለቱ መሃል ቆሙ። ከዘራቸውን አግድም ያዙ። "ተው! ተው ብያለሁ! በማርያም!" ዳኛው ዳያናን ፍለጋ ዓይኑን አንከራተተ። በማዳመጫዬ የዳያና ድምፅ መጣ። "እሱ ማነው? የማን ሐሳብ ነው?"

"አማቴ ናቸው" አልኳት።

አስተዋዋቂው የፕሮግራሙ አካል መስሎት ማይክሮፎኑን አቀበላቸው። አቶ ተሰማ ማይክሮፎኑን አዩት፣ ሕዝቡን አዩት፣ ከዚያ ከዘራቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

"ልጄ! ና ንገርልኝ!"

ኮሜንታተር ከወንበሩ አይነሳም፤ ዳያና ደጋግማ ነግራኛለች። ለአስተርጓሚ ደግሞ አያገባህም ይሉታል። እኔ ሁለቱንም ረስቼ ሮጥኩ። ደረጃውን በሁለት እርምጃ ወጣሁ፣ ገመዱን ልዘል ስል እግሬ ተጠላለፈና ቁልቁል ተንጠለጠልኩ። ከዚያ ቀን ግጥሚያ ሁሉ ሞቅ ያለ ጭብጨባ ያገኘው የእኔ አወዳደቅ ነው። ያላቀቀኝ ድቡ ነው። ሰው እንዳያይ ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ፣ በዚያ ግዙፍ መዳፉ ጭንቅላቴን ደግፎ "ቀስ በል፣ አንገትህን" አለኝ በሹክሹክታ። ሲወድቅ የተደገፈ ሰው ሲያነሣም እንዲያ ነው።

አቶ ተሰማ ማይክሮፎኑን አፋቸው ላይ አደረጉ። "ልጄ፣ የምለውን ሳታጎድል ንገራቸው።"

ሳላጎድል ነው የተባልኩት። ስለዚህ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ በእንግሊዝኛ "ልጄ፣ የምለውን ሳታጎድል ንገራቸው" አልኩ። "ልጄ" የምትለዋ ላይ ድምፄ ተሰበረ። ሕዝቡ ትወና መስሎት አጨበጨበ።

"እኔ ተሰማ እባላለሁ፤ ከሩቅ አገር የመጣሁ ሰው ነኝ። ተስማምታችሁ እንደምትመታቱ ነግረውኛል። ከተስማማችሁ ጸቡ የት አለ?" እኔም ይህንኑ አልኩ። "አንተ ፂምህ ሸብቷል። ስትነሣ ጉልበትህ ያምሃል፤ አይቼሃለሁ። ማረፍ አለብህ። አንተ ደግሞ መልከ መልካም ልጅ ነህ። ታላቅህን በእግርህ ትረግጣለህ? አባትህ ቢያዩህ ምን ይላሉ?"

ሴባስቲያን ባለሙያ ነው። ነገሩ ከእጁ እየወጣ እንደሆነ ገብቶት፣ ክፉነቱን ለማስመለስ ከሪንጉ ሥር ታጣፊ የብረት ወንበር ጎትቶ አወጣ። ሬስሊንግ የሚያውቅ ሰው ወንበሩ ለምን እንደሆነ ያውቃል፤ ለመቀመጥ አይደለም። ወንበሩን ከጭንቅላቱ በላይ አንሥቶ በድቡ ጀርባ በኩል መጣ። ሕዝቡ ጮኸ። አቶ ተሰማ ዞር አሉና አዩት።

"ተባረክ!" አሉ። "ሽምግልና ቆሞ አይሆንም።" ወንበሩን ከእጁ ተቀበሉት፣ ዘረጉት፣ ተቀመጡበት።

"ተባረክ፤ ሽምግልና ቆሞ አይሆንም" አልኩ በእንግሊዝኛ።

ያን ጊዜ የተነሣውን ጩኸት ልነግራችሁ አልችልም። የሴባስቲያን እጆች ባዷቸውን ወደ አየር እንደተዘረጉ ቀሩ። ለመጠላት ተቀጥሮ መሳቅ አይቻልምና ፊቱን ወደ ሪንጉ ጥግ አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ድቡ ሽማግሌው ፊት ተንበረከከ። "አንተም ና" ተባለና ልዑሉም ተንበረከከ። ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ፤ በእኔ በኩል ማለት ነው። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። አቶ ተሰማ ድቡን "ዳግመኛ እጅህን ታነሣበታለህ?" አሉት። ድቡ መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ "አላነሣም፤ ቃል እገባለሁ" አለ። ከዚያ መረቁ፤ ምርቃቱ ረጅም ነበር፣ አልቀነስኩም። መጨረሻ ላይ ሕዝቡ "አሜን" አለ። ለዚህኛው አስተርጓሚ አላስፈለገም።

ከመጋረጃው ጀርባ ዳያና እየሮጠች መጣች። ዓይኗ ያበራል። አቶ ተሰማን በየወሩ ልትወስዳቸው ትፈልጋለች፤ ጸቡ ሲጋጋል ይገባሉ፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ፣ ያስታርቃሉ። ምሥራቅ አፍሪካ በዚህ ይከፈታል አለች። አቶ ተሰማ የተረጎምኩላቸውን በጥሞና ሰሙ።

"ከታረቁ በኋላ ምን ይሆናሉ?"

"በወሩ እንደገና ይጣላሉ" አለች።

"ታዲያ እኔ ምን እሠራልሻለሁ?"

አልተከፋችም። ትንሽ አሰበችና ወደ እኔ ዞረች። "በእናንተ አገር ሰው ሁሉ እንዲህ ነው?"

"ብዙው።"

"ሶ፣ እዚያ አንድ ግጥሚያ ስንት ደቂቃ ይቆያል?"

"ሰው እስኪያየው ድረስ" አልኳት።

ስለ እኔ ስትናገር አዝና ነበር። ድምፄን ወዳዋለች፤ ግን የቀኑ ትልቁ ነገር ሲሆን የአማርኛው መስመር ላይ ያለው ባዶ ወንበር ብቻ ነው። ልክ ነበረች፤ ሥራው ቀረብኝ። ድቡ ጉልበቱ ላይ በረዶ አስሮ፣ የንባብ መነጽር አድርጎ ሊሰናበተን መጣ። አቶ ተሰማን ክንዳቸውን ይዞ ደረጃውን አወረዳቸው። "በዚህ ሥራ ስወድቅ ኖሬያለሁ" አለ፤ "ስወድቅ ሰው ይጮሃል፣ ያጨበጭባል። ለማስቆም የተነሣ ሰው ግን የመጀመሪያዬ ናቸው። ንገርልኝ።" ነገርኩለት። ስልክ ቁጥሩንም ሰጠኝ።

መኪናው ውስጥ እስከ ኬንት ጠበቅሁ። አቶ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"የምስራቅ ባል፣ ማሞቂያውን ቀንሰው።"

እንግዲህ ሪንጉ ላይ አስተርጓሚ ቸግሯቸው ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በወሩ አገራቸው ገቡ። ኩባንያውም ከጊዜ በኋላ አገር ቤት ገባ፤ በእንግሊዝኛው፣ እንዳለ። ሰዉ አንድ ቃል ሳይሰማ በደስታ ያየው ጀመር አሉ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ምስራቅ ስልኳን ይዛ ወደ ወጥ ቤት መጣች። ፊቷ ግራ ተጋብቷል። "አባባ ነው። 'ልጄን አገናኚኝ' አለኝ። 'እኔ ነኝ እኮ' ስለው 'አንቺን አይደለም' አለኝ።"

ስልኩን ተቀበልኩ። እጄ እርጥብ ነበር፤ ሰሃን ሳጥብ ስለነበር ነው።

"ልጄ" አሉኝ፤ ማይክሮፎን የለም፣ ሕዝብ የለም። "ያ ድብ ቃሉን አፍርሷል። ትናንት ጎረቤት ቤት በቴሌቪዥን አየሁት፤ ያንኑ ልጅ ሲያነሣ ሲጥለው። ደውልና ንገርልኝ። ሳታጎድል።"

"እሺ፣ አባባ" አልኩ። ጋሼ ማለት ጠፋብኝ።

ለድቡ ወዲያው ደወልኩለት። ቃሉን ማፍረሱን፣ ጎረቤት ቤት መታየቱን፣ ያንኑ ልጅ ሲያነሣ ሲጥለው መያዙን ሁሉ ነገርኩት። ይቅርታ ጠየቀ፤ ጉልበቱ ስላስቸገረው የዚህ ዓመት ግጥሚያ የመጨረሻው መሆኑን ንገርልኝ አለ። ሁሉንም እንዳለ አደረስኩ። "ልጄ" የምትለዋን ግን ለድቡ አልተረጎምኩለትም። በሥራ ዘመኔ የቀነስኩት ቃል እሱ ብቻ ነው፤ የተላከው ለእኔ ነበራ።